የበርበሬ ዘርን ዘፍዝፎ መዝራት፦ በጣና ዙሪያ ለሚለማ ችግኝ ያለው ጠቀሜታና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ባህር ዳር፦ የበርበሬ ልማት ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በማሳው ላይ ሳይሆን አንድ ሜትር ስፋት ባለው የችግኝ መደብ ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በባህር ዳር ዙሪያና በቆጋ መስኖ ተጠቃሚ ቀበሌዎች የሚገኝ አርሶ አደር ዘሩን በመደቡ ላይ ከዘራበት ቀን አንሥቶ ችግኙን ወደ ማሳ እስኪያዛውር ድረስ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይጠብቃል። ዘሩ ሳይበቅል ቢቀር ወይም ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ቢወጣ እንደገና ዘርቶ ለመካስ የሚያስችል ጊዜ አያገኝም። ክረምቱ አይጠብቀውም፤ የመስኖ ውሃ ተራውም እንዲሁ።

ይህን ኪሣራ ለመቀነስ በብዙ አገሮች ሲሠራበት የቆየና ወጪው አነስተኛ የሆነ አንድ ዘዴ አለ። ይኸውም ዘሩን ከመዝራት በፊት ለተወሰነ ሰዓት በውሃ ወይም በተመጠነ የማዕድን ጨው ብጥብጥ ዘፍዝፎ ማንቃት ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ «ሲድ ፕራይሚንግ» በመባል ይታወቃል። ዘዴው ቀላል መስሎ ቢታይም በሰዓት፣ በሙቀትና በዘሩ ጥራት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በአግባቡ ካልተሠራበት ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። በመሆኑም የኤክስቴንሽን ሥራን የሚመሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ዘዴው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይተው ማወቃቸው አስፈላጊ ነው።

በርበሬና የጣና ዙሪያ

በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የተገኘ ተክል ሲሆን፣ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን ያለ በርበሬ የኢትዮጵያን ወጥ ማሰብ የሚቻል አይደለም። በአማራ ክልል ሰብሉ በስፋት ከሚመረትባቸው አካባቢዎች መካከል በምዕራብ ጎጃም ዞን የሚገኙት የቡሬ፣ የወምበርማና የጃቢ ጠህናን ወረዳዎች ይጠቀሳሉ። ወደ ጣና ሲቀርቡ ደግሞ በመራዊ ከተማ አቅራቢያ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ የተገነባ በመሆኑ፣ አትክልትን በበጋ ወቅት የማምረት ዕድልን አስፍቷል። የቆጋ ወንዝ የግልገል ዓባይ ገባር ሲሆን፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈስ ነው።

በአገሪቱ በምርምር ተቋማት አማካይነት ከተለቀቁት የበርበሬ ዝርያዎች መካከል ማረቆ ፋና፣ ባኮ ሎካል፣ መልካ ዛላና መልካ ሾቴ ይገኙበታል። ይሁን እንጂ የብዙ አርሶ አደሮች ዘር ከራሳቸው ማሳ ወይም ከገበያ ከተገዛ ደረቅ በርበሬ ፈልፍለው የሚያወጡት ነው። ዘሩ ከየትኛው ፍሬ እንደተወሰደ፣ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ይሁን ወይም ገና ሳይበስል ተለቅሞ፣ ስንት ወር እንደተቀመጠና በምን ዓይነት ሙቀት እንደደረቀ በአብዛኛው አይታወቅም። ይህ ጉዳይ ከዚህ በታች ለሚነሣው ሁሉ መሠረት ነው።

ዘሩ ለምን ይዘገያል?

በርበሬ በተፈጥሮው ለመብቀል የሚዘገይ ሰብል ነው። በዘሩ ውስጥ ያለችው ሽል በዙሪያዋ በጠነከረ የምግብ ክምችት የተከበበች ስትሆን፣ የመጀመሪያዋ ሥር ወደ ውጭ መውጣት የምትችለው ይህ ሽፋን ከሥሩ ጫፍ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ላይ ሲላላ ነው። ሽፋኑን የሚያላሉት ዘሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው። በዩናይትድ ስቴትስ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ያካሄዷቸው ጥናቶች የበርበሬ ዘር በቅዝቃዜ ወቅት የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይኸው መላላት ቀስ ብሎ ስለሚካሄድ መሆኑን አሳይተዋል።

ሙቀት የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዘር ተመራማሪ የነበሩት ሃሪንግተን ባዘጋጁት ዛሬም ድረስ በሚጠቀስ ሠንጠረዥ መሠረት የበርበሬ ዘር የአፈሩ ሙቀት 25 ወይም 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በ8 ቀን፣ 20 ዲግሪ ሲሆን በ13 ቀን፣ 15 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ በ25 ቀን ከአፈር ይወጣል። በ10 ዲግሪ ጨርሶ አይወጣም፤ በ40 ዲግሪም እንዲሁ። ይህ ማለት በአምስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ብቻ፣ ማለትም ከ20 ወደ 15 ሲወርድ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የቀኑ ፀሐይ ሞቃት ቢሆንም በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር የሌሊቱ የአየር ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ጊዜያት አሉ። ዘሩ የሚቀበረው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ በመሆኑ ቀን የሚሞቅ ሌሊት የሚቀዘቅዝ አፈር ውስጥ ነው የሚያድረው። ለመስኖ ልማት የሚዘጋጀው መደብ ወደዚህ ወቅት በዘገየ ቁጥር ዘሩ በአፈር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። በቆየ ቁጥር ደግሞ ለሻጋታ፣ ለጉንዳንና ዘር ለሚያበሰብሱ ተዋሲያን ይጋለጣል።

በዝናብ ለሚለማው በርበሬ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ መደብ የሚዘጋጀው ከክረምቱ መግቢያ በፊት ባሉት ሞቃት ወራት ሲሆን፣ ችግኙ ዝናቡ ሲረጋ ወደ ማሳ ይዛወራል። በዚህ ወቅት ቅዝቃዜ ሳይሆን የአፈሩ ገጽ ቶሎ መድረቅ ነው ዘሩን የሚያስቀረው። መደቡ በሣር ጉዝጓዝ ተሸፍኖ በየዕለቱ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል። ውሃው ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ በጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶችና በልጆች ላይ ነው። ዘሩ ሦስት ቀን ቀድሞ ቢወጣ የሦስት ቀን ጭንቀት ቀረ ማለት ነው። ይህ ጥቅም በምርት መጠን ብቻ በሚለካ ሪፖርት ውስጥ ሲገባ አይታይም።

ብቅል የሚያስተምረው

ዘዴውን ለመረዳት ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። ጠላ የምትጠምቅ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ገብሱን ለብቅል ትዘፈዝፋለች፣ ውሃውን ታንጠፈጥፋለች፣ በቅጠል ሸፍና ታፍናለች፤ ጎንቁሎ ሥር ሲያወጣም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የደረቀው ብቅል ለጠላ ይሆናል እንጂ ለዘር አይሆንም፤ ሥሩ ከወጣ በኋላ መድረቁ ሽሉን ስለሚገድለው ነው። የበርበሬ ዘርን መዘፍዘፍ ይህንኑ ሂደት ጀምሮ ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ማቆም ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ቢሆንም፣ ወሳኙም ይኸው ነው።

የዘር ተመራማሪዎች ብቅለትን በሦስት ደረጃዎች ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ደረቁ ዘር ውሃን በፍጥነት ይመጣል። በሁለተኛው ደረጃ የውሃው መጠን ብዙም ሳይጨምር በውስጡ የጥገናና የዝግጅት ሥራ ይካሄዳል፤ ኢንዛይሞች ይሠራሉ፣ በክምችት የተጎዱ የሕዋስ ክፍሎች ይጠገናሉ፣ ሽፋኑ መላላት ይጀምራል። በሦስተኛው ደረጃ ሥሩ ይወጣል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ዘር መልሶ ሊደርቅ ይችላል፤ ከደረቀ በኋላም ሲዘራ ያከናወነውን ሥራ ከሞላ ጎደል ይዞት ይቆያል። ለዚህም ነው የተዘፈዘፈ ዘር ከደረቅ ዘር ቀድሞና በአንድነት የሚወጣው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ የኪያር ዘር በውሃ ወይም በወተት ቢዘፈዘፍ ቶሎ እንደሚበቅል ጽፏል። በዘመናዊ ሳይንስ ደረጃ ስሙን ያገኘው ግን በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ሃይዴከርና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1973 ስለ ጉዳዩ ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ነው። እነርሱ የተጠቀሙት ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ዘሩ ሥር እስከማውጣት የሚያደርሰውን ውሃ እንዳያገኝ አድርጎ በዝግጅት ደረጃ ላይ ያቆየዋል። በ1990ዎቹ ደግሞ በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ዴቭ ሃሪስና ባልደረቦቻቸው በሕንድ፣ በፓኪስታንና በዚምባብዌ ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር በመሆን ኬሚካሉን ትተው ዘሩን በንጹሕ ውሃ አሳድረው በማግስቱ የመዝራትን አሠራር አስፋፉ። በአገራችንም በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ በበቆሎ ላይ ዘርን ዘፍዝፎ መዝራትና ማዳበሪያን በጥቂቱ መጨመር በአንድነት ተሞክረዋል። በርበሬ ከበቆሎ በዘሩ መጠንና በሚዘገይበት ጊዜ የተለየ በመሆኑ ግን የበቆሎውን ሰዓት እንዳለ መውሰድ አይገባም።

የዘዴው ዓይነቶች

በበርበሬ ላይ የተሞከሩት ዘዴዎች በርካታ ናቸው። በውሃ ብቻ መዘፍዘፍ ቀላሉ ነው። ሁለተኛው በማዕድን ጨው ብጥብጥ መዘፍዘፍ ሲሆን፣ ለበርበሬ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ፖታሲየም ናይትሬት ከ1 እስከ 3 በመቶ በሆነ መጠን ተበጥብጦ ነው። ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበርም የበርበሬ ዘርን የመብቀል አቅም ለመፈተሽ በሚያወጣው ደንብ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ላለ ዘር ይህንኑ ጨው እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን እንዲያገለግል ይመክራል። ሦስተኛው የፖሊኢቲሊን ግላይኮል ብጥብጥ ነው። አራተኛው ዘሩን እርጥበቱ ከተመጠነ ቨርሚኩላይት ወይም መሰል ደረቅ ነገር ጋር ቀላቅሎ ማቆየት ነው።

ኋለኞቹ ሁለቱ የዘር ኩባንያዎች መሣሪያ ናቸው፤ አየር የሚነፋ መሣሪያና የማያቋርጥ የሙቀት ቁጥጥር ይጠይቃሉ። ፖታሲየም ናይትሬትም ቢሆን በሚዛን መለካት ያለበት፣ መጠኑ ሲያልፍ ሽሉን የሚጎዳና ለፈንጂ ሥራ ስለሚውል በብዙ አገሮች ቁጥጥር የሚደረግበት ኬሚካል ነው። የወጥ ጨው ይተካዋል ብሎ መገመትም ትክክል አይደለም፤ ሶዲየም ለችግኝ ጎጂ ነው። ስለዚህ ለቀበሌ ደረጃ የሚመች አሠራር ንጹሕ ውሃ ነው። የምርምር ማዕከላት በጨው ብጥብጥ ላይ ሙከራ ማድረጋቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ያ ሙከራ ለአርሶ አደሩ ምክር ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በውሃ ብቻ ከተዘፈዘፈ ዘር ጋር ተነጻጽሮ ትርፉ መታየት ይኖርበታል።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው ከመደቡ ነው። መደቡ ተቆፍሮ፣ ተደልድሎና ውሃ ጠጥቶ ሳይጠናቀቅ ዘሩ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ከዚያም ዘሩ ይበጠራል። የተሰበረ፣ የጠቆረና የተሸበሸበ ዘር ይወጣል።

የተበጠረው ዘር በክብደቱ አምስት እጥፍ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሰፊና ጥልቀት በሌለው የፕላስቲክ ወይም የሸክላ ዕቃ ይዘፈዘፋል። ዕቃው ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ከታች ያለው ዘር አየር አጥቶ ይታፈናል። ዘር እንደ ሰው ይተነፍሳልና። ውሃውን በየስድስት ሰዓቱ ማማሰልና ቢያንስ አንድ ጊዜ መለወጥ ይህን ችግር ያቃልላል። ዕቃው ሌሊት በማይቀዘቅዝ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ምድጃ አጠገብም ፀሐይ ላይም አይደረግም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለው የቤት ውስጥ ሙቀት ተስማሚ ነው።

የሚቆይበት ሰዓት ከ12 እስከ 24 ነው። የበርበሬ ሥር በተስማሚ ሙቀት ላይ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ቀን በፊት ስለማይወጣ ይህ መጠን ለጥንቃቄ በቂ ቦታ ይተዋል። የመጀመሪያ ሙከራ የሚያደርግ ሰው ዘሩን ማታ ጨምሮ ጠዋት ቢያወጣ ይመረጣል። ከ24 ሰዓት በላይ በተዘጋ ውሃ ውስጥ ማቆየት የሚጨምረው ጥቅም አነስተኛ ሲሆን፣ የመታፈንና የመሽተት አደጋው ግን ያድጋል።

ከውሃው የወጣው ዘር በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ በጨርቅ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይሰጣል። ገጹ ደርቆ እርስ በእርሱ መጣበቁን ሲተው ለመዝራት ዝግጁ ነው። በዚያው ዕለት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል በተራራቁ መስመሮች ላይ ተዘርቶ በስሱ አፈር ይሸፈናል፤ በሣርም ይጎዘጎዛል። እርጥቡ ዘር ለአያያዝ ካስቸገረ ከደረቅ አሸዋ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ችግኙ ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩ መነሣት አለበት። ዘሩ የሚቀድም በመሆኑ ሣሩን የማንሣቱ ቀንም ይቀድማል፤ በቀድሞው ልማድ ሁለት ሳምንት ተቆጥሮ ሲገለጥ ችግኙ በጨለማ ውስጥ ተስቦና ነጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ዝናብ፣ ለቅሶ ወይም ስብሰባ መዝራቱን ቢያስተጓጉልስ? ዘሩ ስብሰባው እስኪያልቅ ባለበት አይቆይም። እንደ እርጥቡ በከረጢት ከታሰረ ይሞቃል፣ ይሻግታል ወይም ያጎነቁላል። መፍትሔው በጥላ ሥር በስሱ አስጥቶ ማድረቅ ነው። ከመዘፍዘፉ በፊት ክብደቱ ተለክቶ ከሆነ ወደ ቀድሞ ክብደቱ እስኪቃረብ ማድረቅ ይገባል። 100 ግራም ዘር ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊጨምር ስለሚችል በእጅ ዳስሶ «ደርቋል» ማለት አያስተማምንም። በቆርቆሮ ላይ ወይም በቀጥታ ፀሐይ ማድረቅ ዘሩን ይጎዳል። በዚህ መልክ የደረቀ ዘር ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ለከርሞ ግን አይቀመጥም። ተዘፍዝፎ የደረቀ ዘር ከመደበኛው ዘር ፈጥኖ የመብቀል አቅሙን እንደሚያጣ በምርምር የተረጋገጠ ነው።

ዘዴው የማያደርገው

ስለ ዘዴው የሚነገረው ሁሉ በልክ መሆን አለበት። መዘፍዘፍ የሞተ ዘርን አያስነሣም። ከመቶ ዘር አርባው ብቻ በሕይወት ካለ፣ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ያው አርባው ነው፤ ቀድሞና በአንድነት ይወጣ ይሆናል እንጂ ሰባ አይሆንም። በሕይወት ያለ ነገር ግን በክምችት የደከመ ዘር የተሻለ ሊጠቀም ይችላል፤ በጣም የደከመው ደግሞ በውሃው ውስጥ ይበሰብሳል።

የበርበሬ ችግኝ በማሳ ላይ በ70 ሴንቲ ሜትር የመስመር ርቀትና በ30 ሴንቲ ሜትር የተክል ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 47 ሺህ 600 ያህል ችግኝ ይይዛል። አንድ ሺህ የበርበሬ ዘር 6 ግራም ይመዝናል ብለን ብንወስድ፣ ዘሩ ሁሉ ቢበቅልና ችግኙ ሁሉ ቢጸድቅ ለሄክታሩ 290 ግራም የማይሞላ ዘር ይበቃ ነበር። በተግባር ግን ለአንድ ሄክታር ከግማሽ ኪሎ ግራም በላይ ዘር ይመደባል። ትርፉ ከፊሉ ለችግኝ መረጣና ለመተኪያ የሚሆን ቢሆንም፣ ቀላል ያልሆነው ክፍል በመደቡ ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ ታምኖ የሚበተን ነው። ዘሩ ከቤት ሲሆን ይህ ብክነት አይታወቅም። በግራም ተመዝኖ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ዲቃላ ዘር ሲሆን ግን የሚጠፋው ገንዘብ ነው።

በችግኙ ዕድገት ላይ የሚታየው ለውጥም በአብዛኛው የሚመነጨው ቀድሞ ከመውጣቱ ነው። ቀድሞ የወጣ ችግኝ ቀድሞ ብርሃን ያገኛል፤ ሥሩም ቀድሞ ይሰድዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወጡ ደግሞ ትልቁ ትንሹን አይጋርደውም፤ በአንድ ቀን ተነቅለው በአንድ ቀን ሊተከሉ የሚችሉ ተመጣጣኝ ችግኞች ይገኛሉ። ይህ ለውሃ ተራ በሚጠበቅበት የመስኖ ቀበሌ ትርጉም አለው። መደቡ ከተጨናነቀ፣ ካልታረመና ውሃ ከተኛበት ግን የጥቂት ቀናት ቅድሚያው በወሩ መጨረሻ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና በስብሶ የሚወድቅበት በሽታም በመዘፍዘፍ ብቻ አይቀርም።

እንዲያውም በሽታን በሚመለከት ዘዴው የራሱ አደጋ አለው። ባክቴሪያ በጥቂት ዘሮች ላይ ካለ የመዘፍዘፊያው ውሃ ወደ ሁሉም ያደርሰዋል። ስለዚህ የጎረቤታሞችን ዘር በአንድ ዕቃ መዘፍዘፍ፣ ያገለገለውን ውሃ ለሌላ ዘር መጠቀምም ሆነ ከጉድፍ ያልጠራ ውሃ ከሐይቁ ዳር መቅዳት አይገባም። ዘሩ በሽታ ካለበት ማሳ የመጣ ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ማከም የታወቀ አሠራር ነው፤ ለበርበሬ ከ51 እስከ 52 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ30 ደቂቃ ነው። ይህ ግን ትክክለኛ ቴርሞሜትር ይጠይቃል። ጥቂት ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይሞታል፤ ያረጀ ዘርም ሕክምናውን አይችለውም። በባለሙያ እጅ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።

በፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ ባለ ቀለም ዘር ደግሞ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተለበሰ ነው። አንዳንዱም በኩባንያው አስቀድሞ የተዘፈዘፈና የደረቀ ነው። እንዲህ ያለውን ዘር መዘፍዘፍ መድኃኒቱን ያጥበዋል፣ የዘፍዛፊውንም እጅ ይመርዛል። ስለዚህ እንዳለ ይዘራል። በስህተት ተዘፍዝፎ ከተገኘም ውሃው ወደ ቦይ አይደፋም። የቆጋ ቦዮች ትርፍ ውሃ መጨረሻው ጣና ሲሆን፣ ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡ ናቸው።

ለወረዳና ለቀበሌ ኃላፊዎች

ይህን መሰል ቀላል ዘዴ ሲገኝ በአንድ ወቅት በሁሉም ቀበሌ ለማዳረስ የሚደረግ ጥድፊያ ሊኖር ይችላል። ያ ጥድፊያ ለበርበሬ ዘር አይስማማውም። በተለይ ዘሩን በወረዳ ማዕከል በብዛት ዘፍዝፎ በመኪና ማከፋፈል ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው፤ እርጥብ ዘር በከረጢት ተከምሮ ሰዓታት ሲጓዝ ይታፈናልና። መዘፍዘፉ በአርሶ አደሩ ቤት፣ በመዝሪያው ዋዜማ መሆን አለበት። ከወረዳ የሚጠበቀው ሰዓቱንና ጥንቃቄውን ማስተማር እንዲሁም ውጤቱን መቁጠር ነው።

ቆጠራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ከአንድ አርሶ አደር የተወሰደ 400 ዘር ለሁለት ይከፈላል። 200ው ይዘፈዘፋል፣ 200ው ደረቁን ይቆያል። እያንዳንዱ ባለ 50 በአራት መስመር፣ በአንድ መደብ ላይ ተቀላቅሎ፣ በአንድ ቀን ይዘራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየጠዋቱ የወጣውን ችግኝ ቆጥሮ፣ የአፈሩንም ሙቀት ለክቶ ይመዘግባል። በዓለም አቀፉ የምርመራ ደንብ የበርበሬ ዘር በላቦራቶሪ የመጀመሪያ ቆጠራ በ7ኛው፣ የመጨረሻው በ14ኛው ቀን ነው። በሜዳ መደብ ላይ አፈሩ ከቀዘቀዘ ቆጠራው እስከ 25ኛው ቀን ሊቀጥል ይገባል። መታየት ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በመጨረሻ ስንት ወጣ፣ እና ግማሹ በስንተኛው ቀን ወጣ። የመጀመሪያው ቁጥር በሁለቱም መስመሮች ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ የዘሩ ነው፤ መዘፍዘፍን ማስተማር ትቶ የዘር ምንጭን መፈለግ ይገባል። የመጀመሪያው ተቀራርቦ ሁለተኛው ከተለያየ ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው። የተዘፈዘፈው ከደረቁ ካነሰ ደግሞ ሰዓቱ ወይም ውሃው ተበላሽቷል። በሥልጠና የተሳተፉ ሰዎችን ቁጥር የሚዘግብ ቅጽ ከእነዚህ ሦስቱ የትኛው እንደተከሰተ አይናገርም።

ባህር ዳር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በከተማዋ፣ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ በዘንዘልማ፣ የወራሚት የአትክልትና ፍራፍሬ ምርምርና ሥልጠና ንዑስ ማዕከል በሐይቁ አቅራቢያ፣ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ብዙ ሳይርቅ በሞጣ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከቀበሌ የሚሰበሰበውን ቆጠራ ተቀብሎ የሚተነትን፣ ለማረቆ ፋናና ለአካባቢው ዘር የሚስማማውን ሰዓት ለይቶ የሚያወጣ አካል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለመስኖ ወቅቱ የሚደረገው ሙከራ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ቢዘራ አፈሩ ገና አይቀዘቅዝምና የ14 ቀኑ ቆጠራ ወሩ ሳይገባደድ ያልቃል። የዋናው መደብ ዘር ደግሞ ከዚያ በኋላ ለመዝራት ጊዜ ይኖረዋል። ለክረምቱ ልማት የሚደረገው ሙከራ በየካቲት መጨረሻ ቢጀመር ይበቃል።